ቅጠልያው ጥለት

ቡራዩ፣ ጋሽ ታደሰ ፎቶ ቤት የገባሁ ቀን የተሰጠኝ የመጀመሪያ ሥራ አንዲት ሴትዮ ማቅላት ነበር። ሴትዮዋ ጠይም ናት፤ ሳሎን የሚሰቀል ትልቅ ፎቶ አዛለች። ጋሽ ታደሰ ፊቷን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈቱልኝና «ቀላ አድርጊያት። ግን እንዳታበዢው፤ እናቷ ልታውቃት ይገባል» አሉኝ።

አቀላኋት። ከጀርባዋ የነበረውን ግድግዳ አንስቼም ፏፏቴ አስገባሁላት። በማግስቱ መጥታ አየችውና «እንዲህ ነው እንጂ ፎቶ» ብላ መርቃኝ ሄደች። ይህን ከሁሉ በፊት የማነሳው ኋላ ላይ «ውሸታም» የተባልኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። በዚያ ቤት ማን በምን ይዋሽ እንደነበር አንባቢ ከወዲሁ ይያዝልኝ።

ማዕረጌንም ልናገር። ከላይ ባለቤቱ ጋሽ ታደሰ አሉ፤ ሰርግ የሚያነሱት እሳቸው ናቸው። ቀጥሎ ቪዲዮ ቀራጩ፣ ከእሱ ቀጥሎ መብራት ያዡ ይመጣል። ኤዲተሯ ሉባባ ከመብራት ያዡም በታች ነበርኩ። እሱ ቢያንስ ሰርግ ቤት ይበላል፤ እኔ የበሉትን ሰዎች ፊት ሳጠራ እውላለሁ።

ከዚያ ወንበር ያስነሳኝ ካቻቪቴ ነው። ካሜራ አቧራ ሲገባው መሃል ከተማ ይላክ ነበር፤ ሲመለስም አብዛኛውን ጊዜ እንደሄደ ነው። አንዱን ራሴ ከፈትኩት፣ ጠረግኩት፣ ገጠምኩት፤ ሠራ። ከዚያ ወዲህ ከከታም ከአሸዋ ሜዳም የታመመ ካሜራ ወደ እኔ ጠረጴዛ ይመጣ ጀመር። ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰር ፊት የተደቀነችውን ሰማያዊ ቢጤ መስታወት ያወቅኳት በዚህ ሥራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቀይ ብርሃን ቀጥሎ ዓይናችን የማያየው ብርሃን አለ፤ ኢንፍራሬድ ይባላል። ቅጠልና ሳር ይህን ብርሃን ሳይሰስቱ መልሰው ይረጩታል። የካሜራው ሴንሰር ያየዋል፤ ያቺ መስታወት ናት የምትከለክለው። መስታወቷን ያወጣ ሰው ዓይኑ ያላየውን ሰማይና ሜዳ ያነሳል። ይህን ከስልክ ቪዲዮ ላይ ከተማርኩ በኋላ እንቅልፍ አልነበረኝም።

ለጋሽ ታደሰ ነገርኳቸው። «ላም አለኝ በሰማይ» አሉኝ። የቴሌቪዥኑን ሪሞት አምጥቼ አፉን ወደ ስልኬ ካሜራ አዙሬ ተጫንኩት። በባዶ ዓይን የማይታየው መብራት ስልኩ ላይ ብልጭ አለ። ሪሞቱን ከእጄ ተቀብለው ደጋግመው ተጫኑት። «እሺ ላሟ አለች እንበል። ወተቷን ማን ይገዛል?» አሉ።

ማንም ባይገዛ ለራሴ እጠጣዋለሁ ብዬ አሮጌ ካሜራ ገዛሁ። መቀየሩ ቀላል ሥራ አይደለም። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመውን የፍላሹን ካፓሲተር ሳላራግፍ ነክቼው ክንዴ እስከ ትከሻዬ ደንዝዟል። ብሎኖቹ እኩል ስላልሆኑ በወጡበት ተራ ፕላስተር ላይ እለጥፋቸዋለሁ። አቧራ ደግሞ ዋናው ጠላት ነው። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ሙቅ ውሃ ለቅቄ፣ እንፋሎቱ አቧራውን ይዞ ከወረደ በኋላ ነው ሴንሰሩን የምገልጠው። የድሮዋን መስታወት በወረንጦ አነሳሁና ውፍረቷ ተመሳሳይ የሆነ ጥርት ያለ መስታወት ተካሁ። ውፍረቱ ከተለያየ ፎከሱ ይሸሻል። ከዚያ በኋላ የሚገባውን ብርሃን የሚመርጠው ሌንሱ አፍ ላይ የሚጠለቀው ፊልተር ነው።

ፊልተሮቹ በቁጥር ይጠራሉ። ሰባት መቶ ሃያው የሚታየውን ብርሃን ሁሉ ዘግቶ ኢንፍራሬዱን ብቻ ያሳልፋል ማለት ይቻላል። አምስት መቶ ዘጠናው ከኢንፍራሬዱ ጋር ብርቱካናማና ቀይ ብርሃንም ያስገባል። ሁለቱም ነበሩኝ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለው ጣጣ ሁሉ የመጣው ከእነዚህ ሁለት መስታወቶች ስለሆነ አንባቢ ልዩነታቸውን እንዳይረሳ አደራ።

የመጀመሪያው ፎቶዬ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። ሰማዩም ቀይ፣ ዛፉም ቀይ። ኮምፒውተር ላይ ላስተካክለው ብል ማስተካከያው እስከ ጥጉ ተጎትቶ አሁንም ቀይ ነው። ዘዴው ከማንሳቴ በፊት ለካሜራው «ነጭ ይህ ነው» ብሎ መንገር እንደሆነ አነበብኩ። ነጭ የሚባለው ደግሞ ወረቀት አይደለም፤ አረንጓዴ ሳር ነው። ፎቶ ቤቱ በር ላይ ሳር ተነጥፏልና ወጥቼ በእሱ ለካሁ። ፎቶው የታመመ ሐምራዊ ሆኖ መጣ። መብራት ያዡ አይቶኝ ኖሮ «ሉቤ፣ እሱ እኮ ፕላስቲክ ነው» ብሎ ለወር ያህል ሳቀብኝ።

ገፈርሳ ወርጄ ሕይወት ባለው ሳር ላይ ተንበርክኬ ለካሁ። ያኔ ቀለሙ ተለያየ። ኮምፒውተር ላይ ቀዩንና ሰማያዊውን የቀለም ቻናል አለዋወጥኳቸው፤ ሰማዩ ድብን ያለ ሰማያዊ፣ ባሕር ዛፉ እንደ ገብስ ነዶ ወርቅማ ሆነ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ወንበር ላይ ተቀምጬ ብቻዬን ሳቅኩ። አትሜም የፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ ሰቀልኩት።

ጋሽ ታደሰ ግን አልሳቁም። «ሰማይ ሰማያዊ፣ ቅጠል ቅጠልያ ነው። ስሙም ከእሱ የወጣ ነው። ቅጠል ቅጠልያ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ይሄ ውሸት ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ እኔ እዚህ ላይ ምንም አልቀባሁም። ትናንት ግን አሥር ሰው አቅልቻለሁ» አልኳቸው።

«እነሱ ጠይቀው ነው።»

«ውሸት በትዕዛዝ ሲሆን እውነት ይሆናል?»

ፎቶውን ከመስኮቱ እንዳነሳው ግን አላዘዙኝም። እኔም ተውኩት።

ፎቶውን መስኮቱ ላይ ያዩት ኦቦ ገመቹ ናቸው የነገሩ ሁሉ መነሻ። ኦቦ ገመቹ የሱሉልታ ሰው ናቸው፤ ከብት ያረባሉ፣ ዘመዶቻቸው በሙሉ የሚነሱት ጋሽ ታደሰ ጋ ነው። ልጃቸውን ሌንሳን ሊድሩ ቀብድ ለመክፈል መጥተው ፎቶው ፊት ቆሙ። «ኩን ማሊ? ምንድነው ይሄ?» አሉ። ነገርኳቸው። ወደ ፎቶው ተጠግተው «የመልሱ ዕለት ልጄን እንዲህ አንሺልኝ። ሜዳው የኔ ነው፤ አንድ ጊዜ እንኳ ሌላ ልብስ ይልበስ» አሉኝ።

ጋሽ ታደሰ ደንበኛ ፊት እምቢ ማለት አልቻሉም። ኦቦ ገመቹ ሲወጡ ግን ወደ እኔ ዞሩ። «አንሺ። ሰውየው ከመለሱት ግን ያቺ ካሜራሽ ከዚህ ቤት ትወጣለች። ካልተለየኋት ካልሽም አብረሻት ትወጪያለሽ» አሉ። እየቀለዱ አልነበረም።

«እስማማለሁ» አልኩ።

የመልሱ ዕለት በሽሮ ሜዳ አድርገን እንጦጦን ተሻግረን ሱሉልታ ገባን። ጥቅምት ነው፤ ሜዳው ገና አልደረቀም፣ ሰማዩ አንዲት ደመና የለውም። ሙሽራውና ሙሽራዋ የሐበሻ ልብስ ለብሰዋል። የሌንሳ አክስት፣ የኦቦ ገመቹ እህት አዴ ብርቄ እየተከተለች ነጠላውን ታስተካክላለች። ቀሚሱን ያሠራችው እሷ ናት። «ያ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ ጥለቱ በደንብ ይታይ። ለሸማኔው ቅጠልያ እያልኩ ስንቴ እንደመለስኩበት እኔ ነኝ የማውቀው። ስታዘጋጂው ደግሞ ልጅቷን ቀላ አድርጊያት» አለችኝ።

«ጥለቱ ይታያል፤ ማቅላቱን ግን እዚህኛው ላይ አልሠራም» አልኩ።

ሌንሳ «ተመስገን» ብላ ሳቀች። ጠይም ናት፤ ታናሽ እህቷ ቀይ ስለሆነች ዕድሜዋን ሙሉ ስትነጻጸር ኖራለች።

ሰማዩ ስለጠራ ሰባት መቶ ሃያውን አጠለቅኩ፤ በእሱ ዛፉ እንደ ጥጥ ይነጣል። ከሜዳው ሳር ለካሁ፣ ፎከሱን በስክሪኑ ላይ አሳድጌ አጠበቅኩ። ፀሐዩ ስክሪኑን ስለመታው ያየሁት ጥራቱን ብቻ ነው። አምስት መቶ ዘጠናው ቦርሳዬ ውስጥ ተኝቷል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነበር።

ቤተሰቡ ሊመርጥ በመጣ ቀን ፎቶዎቹን አስቀድሜ ሳላያቸው ትልቁ ስክሪን ላይ ከፈትኩ። ኦቦ ገመቹ ሜዳቸውን አይተው አፋቸውን ያዙ። ዛፉ ነጭ፣ ሰማዩ ጥልቅ፣ ፈረሶቹ እንኳ ከሌላ አገር የመጡ ይመስላሉ። ሁሉም ሲያደንቅ አዴ ብርቄ ብቻ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

«ጥለቱስ?» አለች።

አየሁ። ጥለት የለም። ቀሚሱ ላይም፣ ነጠላው ላይም፣ የሙሽራው ኩታ ላይም የለም። ከአንገት እስከ እግር ነጭ ጨርቅ ነው።

«ከፈን አልብሰሻት መጣሽ?»

በእኛ አገር ነጠላ ሲዘቀዘቅና ጥለቱ ወደ ላይ ሲወጣ ሐዘን እንደሆነ ልጅም ያውቃል። ጭራሹን ጥለት የሌለው ነጭ ደግሞ ለማን እንደሚለበስ መናገር አያስፈልግም። ሌንሳ ፊቷን አዞረች። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን የጨነቀኝ ጥቂት ጊዜ ነው።

«ክሩ አልጠፋም» አልኩ። «ቀለሙ ነው ለዚያ ብርሃን የማይታየው። ሰባት መቶ ሃያው ሁሉንም ክር እንደ ጨርቁ ድር ነጭ አድርጎ ያየዋል።» እውነት ነበር፤ ግን ከፈን ለታያት ሴት ይህ ምን ይሆናታል?

ጋሽ ታደሰ ቶሎ ገቡ። «ችግር የለም አዴ ብርቄ። አረንጓዴውን በኤዲት እንስለዋለን፤ ሉባባ እጇ ጥሩ ነው። ለነገ ይደርሳል።»

«አልስልም» አልኩ።

ጋሽ ታደሰ አፈጠጡብኝ። መብራት ያዡ ከበሩ ላይ ጠፋ።

«አልስልም ጋሼ። ፊት ሳቀላ ኖሬያለሁ፣ ፏፏቴ ስተክል ኖሬያለሁ። እዚህ ፎቶ ላይ ግን ሜዳው ያልሰጠኝን አንዲት ነጥብ አልጨምርም። ቅብ ከሆነማ ምን ሱሉልታ ድረስ አስኬደኝ?» ከዚያ ወደ ኦቦ ገመቹ ዞርኩ። «ኦቦ፣ ልጆቹ አንድ ጊዜ ደግመው ይልበሱልኝ። ጥለቱን ራሱን አመጣዋለሁ። ካላመጣሁ እኔም ካሜራዬም ከዚህ ቤት እንወጣለን፤ ጋሼ አስቀድመው ፈርደዋል።»

ኦቦ ገመቹ እህታቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። «ቶሌ፣ እሺ» አሉ። «ቅዳሜ ኑ። ከዚያ ወዲያ ግን ቀልድ የለም።»

እስከ ቅዳሜ ድረስ አባቴ ሱቅ ከረምኩ። አባቴ ቡራዩ ገበያ ብትን ጨርቅና ክር ነጋዴ ነው። ያለውን ክር በየቀለሙ አወጣሁና ሱቁ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ደረደርኩት። በሰባት መቶ ሃያው ሳነሳው ሁሉም ጥጥ ሆነ፤ ቀዩም፣ ሰማያዊውም፣ አረንጓዴውም። አባቴ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ «ደግሞ ክር ማንን አግብቶ ነው?» አለ። ደንበኞቹ ሳቁ፤ እኔ አልሳቅኩም።

በአምስት መቶ ዘጠናው ደገምኩት። ቀዩ ክር ነጣ እንዳለ ቀረ። አረንጓዴው ግን ተመልሶ መጣ። ምክንያቱ ገብቶኛል፦ አረንጓዴ ቀለም ቀይ ብርሃንን ይውጣል፣ ኢንፍራሬዱን ይመልሳል። ፊልተሩ ቀዩን ስላስገባ ልዩነቱ ታየ። ቻናሎቹን ሳለዋውጥ ደግሞ ክሩ ወርቅማ ሆነ። አረንጓዴ አልሆነም። አዴ ብርቄ በወርቅማው ምን እንደምትለኝ አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ጋሽ ታደሰ አብረውኝ መጡ። የራሳቸውን ካሜራ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። «ለክፉ ቀን ነው» አሉ። ተናደድኩ፤ ግን ባለቤት ናቸው።

አዲስ ነጭ ለካሁ፤ ጥንዶቹ በሚቆሙበት ቦታ፣ በዚያው ፀሐይ፣ እግራቸው ሥር ካለው ሳር። ውዱን ሌንስ ትቼ አሮጌውን ገጠምኩ፤ ውዱ በኢንፍራሬድ መሃሉ ላይ ክብ ንጣት ይጥላል። ጋሽ ታደሰ ሳሩ ላይ ስንበረከክ አይተው «አሁን ይሄን ነጭ ነው ልትዪው ነው?» አሉ።

«ብያለሁ» አልኩ።

ያን ዕለት እያንዳንዱን ፎቶ ካነሳሁ በኋላ የጋሽ ታደሰን ጃኬት ራሴ ላይ ተከናንቤ ስክሪኑን አየሁ። ጃኬቱን ሳይጠየቁ ነው ያወለቁልኝ። ይህንንም መመስከር አለብኝ።

ፎቶውን በትልቁ አሳትመን ኦቦ ገመቹ ቤት ወሰድነው። ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ሰማዩ ሰማያዊ፣ ባሕር ዛፉና ሳሩ ወርቅማ ነው። በቀሚሱ ጠርዝ፣ በነጠላው ጫፍ፣ በሙሽራው ኩታ ላይ ጥለቱ ከነአቀማመጡ ተቀምጧል። ጋሽ ታደሰ የራሳቸውን መደበኛ ፎቶ በፖስታ ይዘው ከኋላዬ ቆመዋል።

አዴ ብርቄ ጣቷን ጥለቱ ላይ አድርጋ ከላይ እስከ ታች ተከተለችው። «የኔ ጥለት ነው» አለች። «ቀለሙ ግን የኔ አይደለም። ኩን መገሪሳ ሚቲ፤ አረንጓዴ አይደለም።»

ጋሽ ታደሰ ፖስታውን መክፈት ጀመሩ። እኔም ካሜራዬን በየትኛው ካርቶን እንደምይዝ አሰብኩ።

ኦቦ ገመቹ እጃቸውን አነሱ። «ቆይ ብርቄ። ለሸማኔው ምን ብለሽ ነው ያዘዝሽው?»

«ቅጠልያ ብዬ።»

«መገሪሳ አላልሽም?»

«ሸማኔው ኦሮምኛ መች ይሰማል? በአማርኛ ቅጠልያ አልኩት።»

ኦቦ ገመቹ አንድ ጣት ፎቶው ውስጥ ያለው ዛፍ ላይ፣ ሌላውን ጥለቱ ላይ አደረጉ። «ያው ነው፤ ተመልከቺ። ቅጠልያ ማለት ቅጠል የሚመስል ማለት አይደለም እንዴ? ይኸው ቅጠሉን መስሏል። ያዘዝሽው ይሄን ነው።»

አዴ ብርቄ ከዛፉ ወደ ጥለቱ፣ ከጥለቱ ወደ ዛፉ አየች። አንድም የቀለም ልዩነት አልነበረውም። ልትቆጣ አፏን ከፈተችና ሳቋ ቀደማት። «ሸማኔውንም እንደዚህ ነበር መለስ ቀለስ ያደረግኩት» አለች። «ይሁን። ጥለቱ ካለ ይሁን።»

ሌንሳ ፎቶውን ከጠረጴዛው አንስታ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። «ቀልቻለሁ እኮ» አለች።

«ብርሃኑ ነው፤ እኔ አልነካሁሽም» አልኳት። «እህትሽም ብትቆም በዚህ ብርሃን ከአንቺ አትለይም።»

«ከእህቴ አልለይም?» አለች። ፎቶውን ለማንም ሳትሰጥ ወደ ውስጥ ይዛው ገባች። ኦቦ ገመቹ «ገለቶሚ» ብለው አመሰገኑኝና እጄን ጨበጡኝ።

ሚኒባስ ውስጥ ጋሽ ታደሰ ከጎኔ ተቀመጡ። የእንጦጦን ቁልቁለት ስንጀምር «አንዱን አትመሽ መስኮቱ ላይ ስቀይው» አሉኝ። «ማን አነሳው ካሉሽ ግን እኔ በይ። ስሜን እንዳታነሺ።»

«ስምዎን ለምን አነሳለሁ? እርስዎ አላነሱት» አልኩ። ሹፌሩ በመስታወቱ እያየን ሳቀ።

ዛሬ ሰበታ፣ ጅማ መንገድ ላይ የራሴ ቤት አለኝ። ካሜራ እጠግናለሁ፣ እቀይራለሁ፣ ሰርግ አነሳለሁ። በሩን አልፎ የሚሄደው ሰው አሁንም መስኮቱን እያየ «ኤዲት ነው» ይላል። ድሮ እየወጣሁ እከራከር ነበር፤ አሁን ሪሞቱን መስኮቱ ሥር አስቀምጬዋለሁ፣ የፈለገ ስልኩን አውጥቶ ይጫነው። ፊት የማቅላት ሥራ አልቀበልም። በዚህ ምክንያት ጥለውኝ የሄዱ ደንበኞች አሉ፤ መንገዱ ጨርቅ ያድርግላቸው።

ለሥራ ባልደረቦቼ የማስተላልፈው ይህን ነው። ነጩን ሰዎቹ ከቆሙበት ሜዳ፣ በዚያው ፀሐይ፣ ሕይወት ካለው ቅጠል ለኩ። ጥለት ያለበት ሥራ ላይ ሰባት መቶ ሃያውን ቦርሳችሁ ውስጥ ተዉት። ጥለት የጠፋ እንደሆነ አትሳሉት፤ ተመልሳችሁ ሂዱና አንሱት።